ሰካራሟ ስትቃና

ካያ የአያቷን ጠመንጃ የፈታታችው ለደግ ነበር። ይህ ከመጀመሪያው ይታወቅላት፤ በኋላ የሆነውን የሰማ ሁሉ "ይቺ ልጅ እጇ አያርፍም" ማለቱ አይቀርምና። እጇ አለማረፉስ እውነት ነው። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ነው። ትምህርቱን አምና እርግፍ አድርጋ ትታ፣ ቨርን በሚባለው ጎረቤታቸው ጋራዥ ውስጥ የግንድ መቁረጫ ሞተርና በበረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር ትጠግናለች። የተበላሸ ነገር ካየች እንቅልፍ የላትም። የአያቷ ጠመንጃ ደግሞ ከተበላሸች አርባ ዓመት አልፏታል።

አያቷን "ፓፓ" ነው የምትለው። ስሙ አርቮ ነው። ዕድሜው ሰባ ዘጠኝ፤ ጉልበቱን ለብረት ማዕድን ጉድጓድ፣ ጆሮውን ለድማሚት የሰጠ፣ የቀረውን ደግሞ በሐይቁ ዳር ላለው ጫካ ያስቀመጠ ሰው። ጫካውን እንደ ጓዳው ያውቀዋል። የማያውቀው ጓዳውን ነው፤ ስኳሩ የት እንዳለ እስከ ዛሬ ይጠይቃል።

ጠመንጃዋ ስም አላት፤ ሰካራሟ ትባላለች። ስሙን ያወጣላት ቨርን ነው። በደረቅ ቀን ጨዋ ናት፣ ያነጣጠሩባትን ትመታለች። ዝናብ ወይም እርጥብ በረዶ ከነካት ግን ወደ ግራ ትንገዳገዳለች። ተአምር የለውም፤ አሮጌው እንጨቷ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲያብጥ አፈሙዙን በጎን ይገፋዋል፣ ጥይቱም መቶ እርምጃ ሲደርስ አንድ ጋት ያህል ወደ ግራ ይሄዳል።

"ስትጠጣ መንገድ ትስታለች" ይላል ቨርን። "ልክ እንደ ሟቹ ወንድሜ።"

ፓፓ በዚህ አይስቅም፣ አይቆጣምም። "እኔና እሷ ተግባብተናል" ይላል። ይህን ስትሰማ ያደገችው ካያ አንድም ቀን "እንዴት ነው የተግባባችሁት?" ብላ አልጠየቀችም። ይቺ ያልተጠየቀች ጥያቄ ናት በኋላ ጉድ የሠራቻት።

ነገሩ የተጀመረው አምና ነው። አምና ፓፓ ቀንዱ እንደ ወንበር የተንሰራፋ አጋዘን ሳተ። "ጥይቱ ቅርንጫፍ ነካ" አለ፤ ማንም አላመነውም። በዚያው ሳምንት መኪናውን ያቆመበት ጠፍቶት ሁለት ሰዓት በጭጋግ ውስጥ ዞረ። እናቷ ማርሊስ፣ የፓፓ ልጅ ማለት ናት፣ የአረጋውያን ማረፊያ ቤት ነርስ ነች። ቀኑን ሙሉ ሽማግሌ ስታይ ስለምትውል ማታ ቤቷ ስትገባም ሽማግሌ ብቻ ነው የሚታያት።

"አባዬ፣ የዘንድሮው የመጨረሻ ነው" አለችው በጋው ላይ። "ከሳትክ ወይ ከጠፋህ ጫካ ቀረ። ደግሞ ብቻህን አትቀመጥም፣ ካያ አብራህ ትሆናለች።"

"ጫካ ከቀረ እኔስ ለምን ቀረሁ?"

"አትነዝንዘኝ።"

"የምትነዘንዢው አንቺ፣ ተነዝናዡ እኔ። ጨው አቀብይኝ።"

ካያ ያን ቀን ሳህን እያጠበች አንድ ነገር ወሰነች። ሁሉም ሽማግሌውን ጥፋተኛ ያደርጋል፤ እሷ ግን ጥፋተኛዋን ታውቃለች። ጥፋተኛዋ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆማለች፣ ሁለት ብሎንና አንድ የሚያብጥ እንጨት አላት። ሰካራሟ ከተቃናች ፓፓ አይስትም። ፓፓ ካልሳተ ጫካው አይቀርበትም። አለቀ።

መስከረም መጀመሪያ ላይ ጠመንጃዋን "ልወልውላት" ብላ ወሰደቻት። መወልወል ድሮም የእሷ ሥራ ስለነበር ፓፓ ቀና ብሎም አላያትም። ቀጥ ብላ ወደ ቨርን ጋራዥ ሄደች፤ እንጨቱን በጨርቅ ጠቅልላ በሞርሳ አሰረችው፣ ብሎኖቹን ፈታች፣ ብረቱን ከእንጨቱ አላቀቀች።

ውስጡ ያሳዝናል። ብሎኖቹ ባለፉባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ እንጨቱ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ብሎን በጠበቀ ቁጥር እየተጨፈለቀ እንደ እርጥብ ብስኩት ሆኗል። ብረቱ የሚያርፍበት ደልዳላ ቦታ የለውም፤ እንደ ተሰበረ ወንበር ያወዛውዘዋል።

ቨርን ቡናውን ይዞ ከኋላዋ ቆመ። ቨርን ሆዱ ከፊት፣ ምክሩ ከኋላ የሚመጣ ሰው ነው።

"ነግረሽዋል?"

"ለማን?"

"ለንግሥቲቱ። ለአርቮ ነዋ!"

"ብነግረው እሺ የሚል ይመስልሃል? የራሱን ጥርስ እንኳ ሦስት ዓመት ለምኖ ነው ሐኪሙ የነቀለው።"

"ካያ፣ የሰው ጠመንጃ ነው። የሰው ጠመንጃ ማለት የሰው ሚስት ማለት ነው።"

"ያንተ ሚስት ጥላህ ሄዳለች፣ ዝም በል።"

ቨርን ሳቀ። አፍ እንጂ ክፋት እንደሌላት ያውቃል። ደግሞ እሱም ሥራውን ማየት አጓጉቶታል።

በመሰርሰሪያው ቀዳዳዎቹን ስታሰፋ ትንፋሿን ያዘች። እንጨት ከተበሳ ተበሳ ነው፤ "ይቅርታ ተሳስቼ ነው" ተብሎ አይመለስም። ቀጥሎ በየቀዳዳው ጣት የምታህል የአሉሚኒየም ቱቦ አስገባች፤ ከእንግዲህ ብሎኑ የሚጠብቀው በብረት ላይ ነው፣ እንጨቱ ቢያብጥም ባያብጥም አይመለከተውም። ከዚያ ከሁለት ቱቦ ተጨምቆ የሚቀላቀለውን፣ ሲደርቅ ድንጋይ የሚሆነውን ማጣበቂያ አዘጋጀች፤ መስመሩ እንዳይታይ ቡናማ ቀለም ጣል አደረገችበት። እንዳይጣበቅ ብረቱን በጫማ ቀለም ሦስት ጊዜ ቀባችው። ማጣበቂያው እንዳይገባ በየሽንቁሩ የሕፃናት መጫወቻ ጭቃ ጠቀጠቀች። ማጣበቂያውን በእንጨቱ ሆድ አፈሰሰች፣ ብረቱን በላዩ አስተኛችው፣ በጎን የተረፈውን ጠረገች፣ እስኪደርቅ ጠበቀች።

በማግስቱ ብረቱን በጎማ መዶሻ ስታንኳኳው "ጧ" ብሎ ወጣ። ውስጡ እንደ መስታወት ሆኖ ቀርቷል። የብረቱ እያንዳንዱ መስመር፣ የፋብሪካው ቁጥር ሳይቀር፣ ታትሞበታል። ብረት ፍራሽ አግኝቷል ማለት ነው። በመጨረሻ አፈሙዙ የሚተኛበትን የእንጨት ቦይ በብርጭቆ ወረቀት እያሸች አሰፋችው፤ በብረቱና በእንጨቱ መካከል ወረቀት ሲገባ እስኪያልፍ ድረስ።

"ንጹሕ ሥራ ነው" አለ ቨርን፣ ማመን ስላቃተው ድምፁ ቀጥኖ። "የማን ልጅ ነሽ አንቺ?"

"የማንም። በበረዶ ነው የተገኘሁት።"

ወደ ጠጠር ማውጫው ወስደው የጠመንጃዋን ማነጣጠሪያ መነጽር አስተካከሉ። አምስት ጥይት ተኮሰች፤ አምስቱም በአንድ ስኒ አፍ ይከደናሉ። ግን የሰካራም ጠባይ በደረቅ ቀን አይታወቅም። ስለዚህ ካያ የዚያ የበረዶ አገር ሰው ብቻ የሚያስበውን አሰበች። ቅዳሜ ቨርን ሳውናውን፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ክፍሉን፣ ሲያነድ ጠመንጃዋን አምጥታ በላይኛው አግዳሚ ላይ አስተኛቻት፣ በጋለው ድንጋይ ላይም ውኃ እየደፋች በእንፋሎት ቀቀለቻት።

ቨርን በፎጣ ተጠቅልሎ በሩን ከፈተ። "ቦታዬ ላይ ማን ተኝቷል?"

"እንግዳ ናት። ላብ ይውጣላት።"

"ጀርባዋን አሽተሽላታል ወይስ እኔ ልሽላት?"

በማግስቱ እንጨቱ ገና እርጥብ እያለ ተኮሰች። እዚያው፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዝንፍ የለም። ሰካራሟ መጠጥ ተወች። ካያ ጠጠሩ ላይ ዘለለች፣ ቨርንን ግንባሩን ሳመችው፣ እንዳይናገርም ቃል አስገባችው።

"መቼ ነው የምትነግሪው?"

"ቀንዳሙን ጥሎ ከተማው መሃል አዳኞች ግዳያቸውን በሚያሳዩበት ግንድ ላይ ሲሰቅለው። ሰው ሁሉ ከቦ 'በዚህ ዝናብ፣ በዚያች ሰካራም?' ሲለው፣ ያኔ እኔ ከኋላ ብቅ እላለሁ።"

የምትለውንም አዘጋጅታለች። መስታወት ፊት ሁለት ጊዜ ተለማምዳዋለች፤ አንዴ በኩራት፣ አንዴ "ኧረ ምንም አይደል" በሚል ፊት። ሁለተኛው የተሻለ መስሏታል።

ፓፓ በየዓመቱ በጥቅምት መጨረሻ እሑድ ጠጠር ማውጫው ድረስ ሄዶ አንድ ጥይት ይተኩሳል። አንድ ብቻ። "ሁለተኛው የአጋዘኑ ነው" ይላል። የቡና ቆርቆሮ ክዳን በሳንቃ ላይ ይመታል፣ መቶ እርምጃ ይቆጥራል፣ ይቀመጣል፣ ይተኩሳል። የዘንድሮው እሑድ ሰማዩ የታጠበ ሰማያዊ፣ አየሩ ደረቅ፣ ቅጠሉ ሁሉ የሚንኮሻኮሽ ነበር። ተኮሰ። ካያ ሮጣ ክዳኑን አመጣችለት፤ ቀዳዳው ልክ መሃሉ ላይ ነው።

ፓፓ ትንሿን ጣቱን በቀዳዳው አስገብቶ አዞራት። "አሁንም ጨዋ ናት" አለ።

ካያ ምላሷን ነከሰች። ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር፤ "ፓፓ፣ ከእንግዲህ በዝናብም ጨዋ ናት" ለማለት አንድ ትንፋሽ ቀርቷት ነበር። ግን ግንዱ ትዝ አላት፣ ሰዉ ትዝ አላት፣ የተለማመደችው ፊት ትዝ አላት። ዋጠችው።

ኅዳር አሥራ አምስት አደኑ የሚከፈትበት ቀን ነው። በዚያ አገር ያን ቀን ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ጥርስ ሐኪሙ ይዘጋል፣ የሞተም ካለ ቢያንስ እስከ ማግስቱ ይጠብቃል። ጎህ ሲቀድ ወፍራም እርጥብ በረዶ ይወርድ ነበር፤ ልብስ ላይ ሲያርፍ ወዲያው ውኃ የሚሆን ዓይነት። ካያ በልቧ ጨፈረች። ከዚህ የበለጠ የሰካራም ቀን የለም።

ፓፓና እሷ በብርቱካናማ ሰደርያቸው አጋዘን በሚጠብቁበት የሳንቃ ዳስ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ። ፓፓ ከደረቱ ኪስ ፓስቲ አወጣ፤ ሥጋና ድንች የተሞላ ሊጥ ነው፣ በደረት ሙቀት እንዳይቀዘቅዝ እዚያ ነው የሚያስቀምጠው።

"ግማሽ?"

"ፀጉር አለበት።"

"የደረቴ ነው። ንጹሕ ነው።"

"ፓፓ፣ ታስጠላለህ" አለችና ግማሹን ወሰደች።

አጋዘኑ ከረፋዱ በፊት መጣ። ከቀኝ በኩል ከጥዶቹ ወጥቶ ጎኑን እንደሰጠ ወደ ግራ ይራመዳል፤ አፍንጫው መሬት ለመሬት፣ ቀንዱ ላይ በረዶ ተቆልሏል። የአምናው ይሁን ሌላ፣ ትልቅ ነበር። ፓፓ ፓስቲውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ጠመንጃዋን ቀስ ብሎ አነሳ። ካያ እጁን አየች፤ የአጥር እንጨት ያህል አይንቀጠቀጥም። በአቅራቢው መነጽር ወደ አጋዘኑ ዞረች፣ ከትከሻው በታች ልቡ ያለበትን ቦታ አየች፣ ፈገግ አለች።

ተኩሱ ጮኸ።

አጋዘኑ አልወደቀም። ጀርባው ጎበጠ፣ አራት እግሩ ተሰበሰበ፣ እንደ ሆድ ቁርጠት ታማሚ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ወደ ረግረጉ አቅጣጫ በዝግታ ገባ።

አደን ባለበት ቤት ያደገ ልጅ ይህን ያውቃል። ልቡን የተመታ ይዘላል። ሆዱን የተመታ ይጎብጣል።

ፓፓ ጠመንጃዋን አወረደ። "ምን አየሽ?"

"ጎበጠ" አለች ካያ።

ፓስቲው ከጉልበቱ ወድቋል።

እንዲህ የተመታ ቶሎ አይከተሉትም፤ ተኝቶ እንዲያልፍለት ይጠብቃሉ። ግን በረዶው ዱካውን እየሸፈነ ነበር፣ መጠበቅም አለመጠበቅም ጥፋት ሆነ። ከቀትር በፊት ቨርን መጣ። ሦስቱም ተጎንብሰው ረግረጉ ውስጥ ገቡ። መጀመሪያ ጠጉር አገኙ፤ ከዚያ ጠብታ፤ ደሙ ጥቁር ነው፣ አረንጓዴ ነገር ተቀላቅሎበታል፣ ይሸታል። ከዚያ ምንም። ፓፓ እስኪመሽ ጉልበቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ ፈለገ፤ ቨርን በክንዱ ጎትቶ ነው ያወጣው።

በማግስቱ ቁራዎች አሳዩአቸው። አጋዘኑ ወድቆ ከነበረ ጥድ ሥር ሦስት ቦታ ተኝቶ ተነስቷል፤ ሦስቱም ቦታ በረዶው ቀልጦ ቀይ ሆኗል። አራተኛው ላይ አልተነሳም። የጫካ ውሾች ግማሹን ጨርሰውታል። ፓፓ ኮፍያውን አውልቆ ብዙ ቆመ። በሕይወቱ አጋዘን አሰቃይቶ አያውቅም፤ ይህን ያደረጉ ሰዎችንም በስም ነበር የሚያውቃቸው፣ ሰላምታም አይሰጣቸውም።

መኪናው ውስጥ ሲገቡ ቁልፉን ሳያዞር ተቀመጠ።

"ልክ እንደ ሁልጊዜው ነው የያዝኩት" አለ። "ስትረጥብ አንድ ጋት ወደ ቀኝ እይዛለሁ፣ እሷ ወደ ግራ ታመጣዋለች። አርባ ዓመት እንዲሁ ነን። እሷ ትንገዳገዳለች፣ እኔ አቃናታለሁ። ዘንድሮ ምን ነካኝ?"

በረዶው የመኪናውን መስታወት ይደበድባል። ካያ ቃሉን በልቧ ደገመችው። አንድ ጋት ወደ ቀኝ። አጋዘኑ ወደ ግራ ሲሄድ፣ ከልቡ አንድ ጋት ወደ ቀኝ ያለው ሆዱ ነው። ሰካራሟ ስላልሰከረች ጥይቱን የሚመልሰው አልነበረም። ጥይቱ የሄደው ልክ ፓፓ ባነጣጠረበት ነው።

"ዓይኔ ነው" አለ ፓፓ። "ወይ ጭንቅላቴ። እናትሽ ልክ ናት።"

ያኔ መናገር ነበረባት። አፏን ከፈተች፣ የወጣው ግን "በርዶኛል" የሚል ነበር። ፓፓ ማሞቂያውን ከፈተላት።

ቀኑ አለፈ፤ ባለፈ ቁጥር ቃሉ ከበደ። መጀመሪያ "ነገ" አለች፣ ከዚያ "ከገና በኋላ"፣ ከዚያ ቀን መጥራቱንም ተወች። ፓፓ ሰካራሟን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈባት። ድሮ ጠዋት ጠዋት የውጪውን ቅዝቃዜ ከቴርሞሜትሩ እያነበበ ቤቱን ሁሉ የሚቀሰቅሰው ሰው አሁን መስኮት አያይም። አንድ ጠዋት ካያ ወደ ወጥ ቤት ስትገባ ጀርባውን ሰጥቷት ቆሟል፤ በመዳፉ ግራ ዓይኑን ሸፍኖ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ያነብባል፤ ከዚያ ቀኝ ዓይኑን ሸፍኖ ያነብባል። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ እያለ በሹክሹክታ። በጣቷ ጫፍ ወደ ኋላ ተመለሰች።

"ንገሪው እንጂ!" አለ ቨርን ጋራዡ ውስጥ፣ መፍቻ ወርውሮ። "ትናንት መንገድ ላይ አገኘሁት። ሰላም ስለው ማን እንደሆንኩ ለማረጋገጥ ሁለቴ አየኝ። አርቮ! እኔን!"

"ቃል ገብተሃል።"

"ቃሌን ሳውናው ውስጥ ጨምሪው። አንቺ ካልነገርሽው እኔ ነኝ የምነግረው።"

"እነግረዋለሁ አልኩህ!"

"ለሠላሳኛ ጊዜ ነው ያልሽኝ።"

መጋቢት ሲገባ ማርሊስ ፓፓን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ያን ቀን ማታ እራት ላይ ወረቀቱን ዘረጋች። "ዓይንህ ለዕድሜህ ከበቂ በላይ ነው አለ ዶክተሩ" አለች፤ የምሥራች ስትናገር ግን ፊቷ አልበራም። "አባዬ፣ ዓይን ካልሆነ እንግዲህ የማስታወስ ምርመራ ማድረግ አለብን። እስከዚያው ደግሞ መኪናው..."

ፓፓ ሹካውን አስቀመጠ። እጁን ኪሱ ከተተ፣ የመኪናውን ቁልፍ አወጣ፣ በሳህኗ አጠገብ አስቀመጠላት።

ካያን የገደላት ይህ ነው። ፓፓ ያለ ክርክር ጨው እንኳ አያቀብልም። ቢጮህ ኖሮ፣ ጠረጴዛውን ቢደበድብ ኖሮ ምናልባት አሁንም ትውጠው ነበር። ዝም ብሎ ቁልፉን ሰጠ።

"እኔ ነኝ" አለች።

"ምንድነው አንቺ?" አለች ማርሊስ።

"ጠመንጃዋን እኔ ነኝ የሠራኋት። መስከረም ላይ። ቱቦ ከተትኩባት፣ ማጣበቂያ አፈሰስኩባት፣ ስትረጥብም ወደ ግራ አትሄድም። ያነጣጠርክበት ነው የመታኸው ፓፓ። ደስ እንዲልህ ብዬ ነው። ግንዱ ላይ ስትሰቅለው ልነግርህ ነበር፤ ከዚያ ጎበጠ፣ ከዚያ..." እንባዋ ንፍጧን ይዞት መጣ፤ የቀረው አልተሰማም።

"አምላኬ!" አለች ማርሊስ። "አራት ወር! ካያ፣ አራት ወር ሙሉ?"

ፓፓ ተነሳ። ቁም ሳጥኑን ሲከፍት ሰሙት። ጠመንጃዋንና ብሎን መፍቻ ይዞ ተመለሰ፣ ሳህኖቹን በክርኑ ገፋ፣ ቁጭ ብሎ ፈታት። ብረቱን አውጥቶ ወደ መብራቱ አዘነበለ። አውራ ጣቱን በለሰለሰው ፍራሽ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሳባት፣ የታተመው ቁጥር ላይ ቆመች።

"እንዳይጣበቅ ምን ቀባሽው?"

"የጫማ ቀለም።"

"ጥቁር?"

"ቡናማ።"

ራሱን ነቀነቀ። "ጥሩ ሥራ ነው" አለ። ይህን ቃል ከእሱ አፍ ለመስማት ነበር ያን ሁሉ የደከመችው፤ ሲመጣ ግን እንደ ጥፊ አረፈባት።

በማግስቱ ጠዋት በረዶውን የሚያቀልጥ ዝናብ ያካፋ ነበር። ፓፓ በሯን አንኳኳ። "ልበሺ" አለ። ማርሊስ ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ሰጠችው።

ጠጠር ማውጫው ላይ ክዳኑን በሳንቃው መሃል መታ። ጠመንጃዋን ዝናብ ላይ አስቀምጦ፣ እስክትጠጣ ድረስ፣ ለረጅም ጊዜ ጠበቀ። ከዚያ ተቀመጠና ተኮሰ። በመነጽር ታይ የነበረችው ካያ "አንድ ጋት ወደ ቀኝ" አለች።

"ወደ ቀኝ ስለያዝኩ ነው። አሁን መሃሉን እይዛለሁ።" ተኮሰ።

"አንድ ጋት ወደ ቀኝ።"

"መሃሉን እኮ ነው የያዝኩት።"

"ይሁን። ድገመው።"

በየዓመቱ አንድ ጥይት የሚተኩሰው ሰው ያን ቀን አምስት ተኮሰ። ካያ አሁን ከኋላው ሆና ሁሉንም ታያለች። መጀመሪያ አፈሙዙ ክዳኑ መሃል ላይ ያርፋል፤ ቃታውን ሊስብ ትንፋሹን ሲለቅ፣ እጁ ሳያስፈቅደው፣ እንደ ለመደ በቅሎ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እሱ አያውቀውም። ዓይኑ መሃሉን ያያል፣ እጁ ግን አርባ ዓመት ካገባት ሴት ጋር ነው።

ሳንቃውን ለማየት አብረው ሄዱ። ክዳኑ አልተነካም። ከክዳኑ በስተቀኝ፣ እንጨቱ ላይ፣ አምስት ቀዳዳዎች አሉ፤ አምስቱም በስኒ አፍ ይከደናሉ። እንዲህ ተጠግቶ የተመታ ነገር በሰካራሟ ዘመን ታይቶ አያውቅም።

ፓፓ ቀዳዳዎቹን በጣቱ ቆጠራቸው። ከዚያ ሳቀ፤ ከኅዳር ወዲህ የመጀመሪያው ነው። "ዓይኔ ደህና ነው" አለ። "እጄም ደህና ነው። ካያ፣ እይ! አልጃጀሁም!"

"አልጃጀህም ፓፓ።"

"አምናም ቅርንጫፍ ነበር ብያችሁ ነበር።"

"ነበር።"

ሳቁ ቀስ ብሎ አለቀ። ዝናቡ ከኮፍያው ጠርዝ ይንጠባጠባል። ሳንቃውን ከምሰሶው ነቀለው፣ ለማርሊስ ሊያሳያት በብብቱ ያዘው፤ ጠመንጃዋን ግን ለካያ ዘረጋላት።

"እንኪያት።"

"እኔ አልፈልጋትም። መልመድ ትችላለህ። በየቀኑ እንመጣለን፣ እኔ አሳይሃለሁ..."

"ልጄ፣ ቀጥ ያለ ጠመንጃ ለመልመድ ጊዜ የለኝም። በጥቅምት፣ ያን ክዳን ስታመጪልኝ ብትነግሪኝ ኖሮ ሦስት ሳምንት ነበረኝ።"

"በሦስት ሳምንት ትለምደው ነበር?"

ፓፓ አሰበ። እንዲያጽናናት ፈልጋ ነበር፣ ወይም እንዲሰድባት፤ ሁለቱንም አላደረገም። "አላውቅም" አለ። "አሁን ማን ያውቃል? ግን አጋዘኑ ላይ አልተኩስም ነበር።"

እሱ ነዳ፤ እየተከራከረ፣ ከዝናቡ ጋር፣ ከፊቱ ካለው መኪና ጋር፣ ከማርሊስ ጋር በሌለችበት። ካያ ጠመንጃዋን ጉልበቷ ላይ አስተኛቻት። እንጨቱ እስኪጠግብ ጠጥቷል፣ እጇን ያረጥባታል። ብረቱን ነካችው፤ በፍራሹ ላይ ተደላድሎ ተኝቷል፣ የፀጉር ያህል እንኳ አይነቃነቅም። ሥራዋ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ሊፈርስ አይችልም። ካያ ግን ለአንዲት ጥይት ብቻ፣ ለዚያች ለኅዳሯ ብቻ፣ እንደ ድሮዋ ወደ ግራ ብትንገዳገድ ምን ነበረበት ብላ አሰበች።